መርዶው ቅዳሜ እስኪደርስ

ባሌ ኤድመንተን ሆስፒታል ተኝቶ ሲጠብቀኝ እኔ እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር ቤቴ ውስጥ ሶፋ እያነሣሁ የጠፋ ስልኬን እፈልግ ነበር። ኤድመንተን በመኪና ሦስት ሰዓት ነው። ሰው ለሠርግ ሄዶ በዚያው ቀን ይመለሳል። እኔ ራሴ ጫማ ለመቀየር ሄጄ አውቃለሁ። ባሌን ልሰናበት ግን አልሄድኩም፤ እዚያ መተኛቱን የሰሙ ሰዎች አላመኑትም፣ ለእኔም አልነገሩኝም።

ይህን ሳወራ ሰዎች እግዚአብሔር ያለው ነው ይሉኛል። ይበሉ። እኔ የማውቀው ስልኬን የወሰደው እግዚአብሔር አለመሆኑን ነው። የወሰደችው ጎረቤቴ ናት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ባሌ ኖርዝ ታክሲ ይነዳ ነበር። ካልጋሪ ያለን ሐበሾች ከኤድመንተን በላይ ያለውን አገር በሙሉ ኖርዝ ብለን እንጠቀልለዋለን፣ ሰው የማይኖርበት ይመስል። እሱ የሚሠራባት ከተማ ግን ሐይቅ ነበራት፣ ትምህርት ቤት ነበራት፣ አንዲት መውጫ መንገድም ነበረቻት። እዚህ ታክሲው ከተሳፋሪው በዝቷል፤ እዚያ በበረዶው ወራት በእግሩ የሚሄድ ስለሌለ ሥራ አይጠፋም። ወር ተኩል ሠርቶ ሁለት ሳምንት ቤቱ ይመጣል። ልጅ አልወለድንም። ሲመጣ ስለ ደንበኞቹ ያወራኛል፤ የከተማዋን አሮጊቶች በሽታ በየተራ አውቀው ነበር። እኔም የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምሠራ መድኃኒታቸውን በስልክ ያማክረኛል።

እዚህ አገር በመጣን ሰሞን ሰመር ማለት ሥጋ ጠብሶ ፓርክ መዋል ነበር። አሁን ሰመር ማለት ጭስ ነው። ጫካው ኖርዝ ይነድዳል፣ ጭሱ እኛ ላይ ያድራል። ጠዋት ስትነሣ ፀሐይዋ በርበሬ መስላ ትጠብቅሃለች። የመጦሪያ ቤቱን መስኮት በሙሉ እንዘጋለን፣ ሽማግሎቹ በሙቀት ይታፈናሉ፤ ስንከፍትላቸው ደግሞ በጭሱ ያስላሉ። በየዓመቱ ኖርዝ ያለ አንድ ከተማ ነቅሎ ይወጣል። ሕዝቡ ውሻውንና የፎቶ አልበሙን ይዞ ይመጣና የስፖርት አዳራሽ ውስጥ አልጋ ይዘረጋለታል። እኛም ከቤተ ክርስቲያን ብርድ ልብስና ውኃ ይዘን እንሄዳለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ጭሱ ሲገፈፍ እንረሳቸዋለን። ቤታቸው ተቃጥሎ እንደሆነ ወይም ተርፎ እንደሆነ ተመልሰን ጠይቀን አናውቅም።

በዚያ ዓመት ተራው የባሌ ከተማ ሆነ። ውጡ የሚል ትእዛዝ የተሰጠ ዕለት ደወለልኝ፤ ድምፁ ደህና ነበር። መኪና የሌላቸው ሰዎች ታክሲ ቢሮው እየደወሉ ነው፣ እነሱን አውጥቼ እመጣለሁ አለኝ። አንተን ማን ያወጣሃል ብዬ ተቆጣሁት። ሳቀና፣ እኔ እኮ መኪና አለኝ አለኝ። እሳቱ ካልደረሰበት ከተማ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለቴ ተመላለሰ። ለሦስተኛው ሊመለስ ሲል ደወለልኝና ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። የስልክ ማማው ተቃጥሏል ሲባል በዜና ስለሰማሁ ለዚያ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ለካስ ጭሱ መንገዱ ላይ ወርዶ ነበር። አንዲት የአገሬው ተወላጅ አሮጊት አሳፍሮ ሲወጣ ከኋላው እየበረረ የመጣ ፒካፕ ገጨውና ታክሲ አድርጎ የሚነዳው ቫን ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። አሮጊቷ ክንዷ ተሰበረ። እሱ ደረቱ ተመታ፤ እስኪያወጡት ድረስ ደግሞ ያንን ጭስ ሲስብ ቆየ። ስልኩ ከቫኑ ጋር ቀረ። በአውሮፕላን ኤድመንተን ወሰዱት። አብሮት ታክሲ የሚነዳ አንድ ሐበሻ ባልደረባው ነበር፤ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ፣ ሳያርፍ ኤድመንተን ድረስ ነድቶ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ።

ባልደረባው የእኔን ቁጥር አያውቅም። ቢያውቅም አይደውልልኝም ነበር፣ ራሱ ነግሮኛል። የሰው ሚስት እንዲህ ያለ ነገር ብቻዋን ሆና በስልክ አይነገራትም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ቁጥር አፈላልጎ ለእሳቸው ደወለ።

እኚህ ሽማግሌ ክፉ ሰው አይደሉም። ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶብስ ነድተዋል፤ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። መርዶም የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ከኮርነርስቶን ሰፈር እስከ ሬድስቶን ጎሕ ሲቀድ ያላንኳኩት የሐበሻ በር ጥቂት ነው። ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ፤ ንዴቴ አንቱታውን አላስጣለኝም። ባልደረባው በስልክ የተባባሉትን ቃል በቃል ነግሮኛል።

"ጋሼ፣ አደጋ ደርሶበት ኤድመንተን ሆስፒታል ነው። ነቅቷል፣ ይናገራል። ሚስቱን አምጡለት።"

ሽማግሌው፣ "እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ። ገብቶኛል" አሉት።

"አይ ጋሼ፣ በሕይወት አለ።"

"እሺ፣ በሕይወት አለ። በርታ።"

እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። የሞተውን ሁሉ መጀመሪያ ሆስፒታል እናስገባዋለን። የሽማግሌው እናት አገር ቤት ሞተው ከተቀበሩ በኋላ ለእሳቸው ወራት ሙሉ ትንሽ አሟቸዋል፣ ዛሬ ሾርባ ቀምሰዋል እየተባለ ይነገራቸው ነበር። እንዲህ ሲነገረው የኖረ ሰው ሆስፒታል ሲባል ሬሳ ነው የሚታየው። ሚስቱን አምጡ ሲባል ለቀብር ይመስለዋል። ባልደረባው እየጮኸ በሕይወት አለ ማለቱን እንኳ፣ ልጁ ሐዘኑን እንዴት ዋጥ አድርጎ ይናገራል ብለው ለሰው እያደነቁ አውርተዋል።

በዚያው ረቡዕ ማታ ሰብሰብ ብለው መከሩ። ወዲያው እንንገራት ያለ አልነበረም። ወንድሜ ከቶሮንቶ መድረስ አለበት። ሰዉ ደግሞ ሺፍት አለው፤ በሥራ ቀን መርዶ ቢነገር የሚገኘው ሁለት ሦስት ሰው ነው፣ ይህ ለሟቹም ለእኔም ነውር ነው። ቅዳሜ ይሁን ተባለ። እስከዚያ በልቼ እንድጠነክር፣ እንድተኛ፣ ፌስቡክ እንዳላይ ጎረቤቴ ተመደበችብኝ። አንዳቸውም ሆስፒታሉ ጋ ደውለው አልጠየቁም። ምን ብለው ይጠይቃሉ? አውቀውታል።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቴ ድስት ይዛ መጣች። ቁርስ አበላችኝ፤ ሻወር ስገባ ስልኬን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስወጣ ስልኬ የለም። ባሌ ይደውልልኛል ብዬ እንቅልፍ ያጣሁ ሴት ነኝ፤ ምን እንደሆንኩ አስቡት። አብራኝ ፈለገች። ሶፋውን በአንድ ወገን እሷ፣ በሌላው እኔ አነሣን። የቆሻሻውን ከረጢት ጓሮ ዘርግፋ በእጇ በተነችው። ከራሷ ስልክ እየደወለች ዝግ ነው፣ ባትሪው አልቆ ይሆናል ትለኛለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

አዲስ ልግዛ አልኩ። ጭሱ እንዲህ ከፍቶ የት ትሄጃለሽ፣ ነገ ልጄ ገዝቶ ያመጣልሻል አለችኝ። ከባሌ ከተማ የሸሹት ሰዎች ካልጋሪ መግባት ጀምረው ነበር፤ እንግዲያው ያረፉበት አዳራሽ ሄጄ እሱን ያየው ካለ ልጠይቅ አልኩ። ባለቤቷ ሄዶ ጠይቆ መጥቷል፣ የሚያውቀው የለም አለችኝ። ባለቤቷ የትም አልሄደም። እኔ ግን አመንኳትና ልብሴን መልሼ አወለቅሁ።

ዓርብ ሥራ ልገባ ስዘጋጅ፣ ከሥራ ቦታሽ ወደ እኔ ስልክ ደውለው ነበር፣ ሺፍትሽን ሌላ ሰው ተክተው ካቨር አድርገውታል አለችኝ። ሰዓት የቀነሱብኝ መስሎኝ ተንጨረጨርኩ። ለካ ራሷ ሥራ ቦታዬ ደውላ ባሏ ሞቷል፣ እሷ ግን እስከ ቅዳሜ አታውቅም ብላቸዋለች። ፈረንጇ አለቃዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ ምን እንደመሰለ ዛሬም ማየት እፈልጋለሁ።

ምንም አልጠረጠርኩም አልልም። ቲቪ በከፈትኩ ቁጥር ትዘጋለች። የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ቤት ሲሆን ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ በራሴ ሲመጣ ግን ዓይኔ ታወረ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊቷ ቆሜ የሰማሽው ነገር ካለ ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ አልኳት።

"ምን እሰማለሁ? ኔትወርክ የለም እኮ" አለችና አጎረሰችኝ።

ዋጥኩት። ያንን ጉርሻ ስውጥ ባሌ በሕይወት ነበር።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። በመስኮት ሳይ መንገዱ ዳር ሙሉ በመኪና ተይዟል። በጭሱ ውስጥ የተዘቀዘቀ ነጠላ አየሁ። በሩን ሳልከፍት ጮኽኩ። ወንድሜ ከመካከላቸው ወጥቶ አቀፈኝ፤ ሽማግሌው በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው ባለቤቴ ረቡዕ ዕለት መንገድ ላይ እንዳረፈ ነገሩኝ። ቤቱ ሞልቶ እስከ ጋራዡ ደርሷል። እንደሚገባ አለቀሱልኝ፣ ይህን አልክድም።

ትንሽ ረገብ ሲል ለእናቱ ማን ይደውል ተባለ። ጎረቤቴ ቦርሳዋን ከፍታ ስልኬን አወጣችና አብርታ ሰጠችኝ፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ስልኩ እንደበራ መንጫጫት ጀመረ። አንድ የኤድመንተን ቁጥር ደጋግሞ ደውሏል፣ መልእክትም ትቷል። የመጀመሪያው የነርስ ድምፅ ነው። ባለቤትሽ እዚህ ነው፣ ቁጥርሽን የሰጠን እሱ ነው፣ ሊያይሽ ይፈልጋል፣ ቶሎ ነይ ትላለች። ቀኑን አየሁ። ሐሙስ ነው። ረቡዕ የሞተ ሰው ሐሙስ ቁጥር አይሰጥም።

ደወልኩና ስፒከር ላይ አደረግኩት። ነርሷ ማንነቴን ካጣራች በኋላ በጣም አዝናለሁ፣ ባለቤትሽ ትናንት ማታ አረፈ አለችኝ። ትናንት? አልኳት። አዎ ትናንት፣ እስከ አመሻሽ ድረስ ይናገር ነበር አለች። ለቅሶው ቀጥ አለ። እንግሊዝኛው ያልገባቸው እናቶች ምን አለች፣ ምን አለች እያሉ ይንሾካሾካሉ። ተርጉሞ የነገራቸው ሰው የለም።

"ጋሼ፣ ረቡዕ ነው ያረፈው ያሉኝ?"

ሽማግሌው ስልኩን አዩ፣ ወንድሜን አዩ።

"ዞሮ ዞሮ አርፏል እኮ፣ ልጄ" አሉኝ።

የቀረውን በኋላ ከባልደረባው ሰማሁ። ሐሙስ ለሽማግሌው ደውሎ ለምን አልመጣችም ሲላቸው እየመጣች ነው ብለውታል። እሱም ሄዶ ለባሌ እየመጣች ነው አለው። ባሌ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር አለኝ። ዓርብ ማታ እያለቀሰ ደውሎ አሁን አረፈ ሲላቸው ደግሞ፣ እናውቃለን ልጄ፣ ነገ ጠዋት እንነግራታለን አሉት። የዚያን ጊዜ ነው አንድ ነገር እንደተበላሸ የገባው።

በዚያው ቀን ከወንድሜ ጋር ኤድመንተን ሄድኩ፤ ሬሳ ልቀበል። ነርሷ ወጣት ናት፣ እንደ እኔው ከሌላ አገር የመጣች። ወንበር ሰጥታኝ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ብዙ ጊዜ ደወልን፣ ዓርብ ግን እሱ ራሱ ከለከለን አለችኝ። ምን ብሎ? አልኳት።

"ሥራ ላይ ናት፣ ስልክ ይዘው አይገቡም፣ አታስቸግሯት አለን።"

ተቆጥታኛለች ቢል ይሻለኝ ነበር። ረስታኛለች ቢል፣ ረግሞኝ ቢሞትም ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ምክንያት ፈልጎልኝ ሞተ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አልጮኽኩም፤ ጩኸቴን ጠዋት ሳድል ሪጅ ጨርሼዋለሁ።

ሬሳው ካልጋሪ መጥቶ ተቀበረ። እንግዲህ ሁለት ጊዜ ተለቀሰ ማለት ነው፤ በሁለተኛው ሰዉ ደክሞት ነበር። ለአንቺ ብለን ነው አሉኝ፣ ሁሉም በአንድ ቃል። ሽማግሌው ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ጉልበቴንም ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ በበዓል በዓል በሬ ላይ ምግብ ታስቀምጥልኛለች። ድስቱን ሳልከፍት ከነክዳኑ በሯ ላይ እመልሳለሁ።

ባሌ ያሳፈራትን አሮጊት ያገኘኋት ከቀብሩ በኋላ ነው። ከሸሹት ሰዎች ጋር ኤርፖርቱ አካባቢ ያለ ሆቴል ውስጥ አስቀምጠዋት ነበር። ክንዷ በጀሶ ታስሮ መስኮት ዳር ተቀምጣ ጭሱን ታያለች። ቤቷ አመድ መሆኑን ከሰማይ በተነሣ ፎቶ አይታ ነበር፤ የልጆቿ መቃብር ያለበትም ጫካ አብሮ ነድዷል። ይህን የነገረችኝ ሳታዞር ሳትጠመዝዝ ነው። ስለ ባሌም እንዲሁ ነገረችኝ። ቫኑ ውስጥ ተዘቅዝቀን ሳለን እጁን ዘርግቶ የውኃ ጠርሙሱን ለእኔ ሰጠኝ፣ እሱ አልጠጣም አለች። ወደ ካልጋሪ ከመጣሁ ቀን ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ የታክሲ ነጂውን ሚስት የሚያውቅ አለ እያልኩ ስጠይቅ ነበር አለችኝ። ሐሙስም እዚያ ነበረች፣ ዓርብም እዚያ ነበረች። ከቤቴ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው።

ለምን እንዳልመጣሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"የሚወዱሽ ሰዎች ናቸው?" አለችኝ።

አዎ አልኳት። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

በሚቀጥለው ሰመር ሌላ ከተማ ነደደ። ኮርነርስቶን የምትኖር፣ ኤርፖርት በጽዳት የምትሠራ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ሴት አለች። ወንድሟ ኖርዝ የነዳጅ መኪና ይነዳ ነበር፤ ከእሳቱ ሲሸሽ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ጠፍቼ ስለነበር ወሬውን የነገረችኝ አንዲት ወጣት ናት። እሑድ ማለዳ ነው የሚነገራት፣ አንቺም ብትመጪ ጥሩ ነው፣ ደርሶብሽ ታውቂዋለሽ አለችኝ። አሁን ደግሞ አራት ቀን ሊያቆዩ ነው። ደሜ ፈላ። የሚሠራበት ድርጅት ደወልኩ፣ ከዚያ ፖሊስ ደወልኩ፣ የሞተ መሆኑን አረጋገጥኩ። ከዚያ ለእሷ ደወልኩ። ሰላምታ አላበዛሁም።

"ወንድምሽ ሞቷል" አልኳት። "አልታመመም፣ ሆስፒታልም አልገባም። ሞቷል። ራሴ አጣርቻለሁ።"

ማወቅ መብቷ ነበር። ዛሬም ብትጠይቁኝ ይህንኑ ነው የምላችሁ። እሷ ግን በቀጭን ድምፅ፣

"ብቻዬን ነኝ እኮ" አለችኝ።

ከሥራ ወጥታ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዋ ውስጥ ነበረች። እዚያው ቁጭ በይ፣ እመጣለሁ አልኳት። በረርኩ። ስደርስ መሪውን ይዛ ራሷን እየመታችበት ነው። መስኮቱን አንኳኳሁ። ቀና ብላ አየችኝና በሩን ቆለፈችው። ክፈቺልኝ ብዬ ለመንኳት፣ እህቴ አልኳት፣ መስተዋቱን በመዳፌ ደበደብኩ። ፊቷን ወደ ሌላው ወገን አዞረች። ሻንጣ የሚጎትቱ መንገደኞች እያዩን ያልፋሉ። ጭሱ ጉሮሮዬን እየከረከረኝ እዚያው ቆምኩ።

ማን እንደደወለላቸው አላውቅም፤ ሽማግሌው ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። እኔን አልፈው ሄዱና መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለው ልጄ አሏት። በሩን ከፈተችላቸው።